ሆድ ስቱዋርት «ሆድ አደር» ነበር?

ባለፈው ሴሚስተር በዲፓርትመንቶች መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ውድድር ቡድናችን 1 ለ 0 ያሸነፈ ዕለት የጨዋታውን ዘገባ ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዘገባዬ ጎሏን ያገባውን ልጅ ስም አራት ጊዜ ይጠራል። የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ የቡድኑ መሐል ተከላካይ ነው። ያን ቀን ሲጋጭ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ ውሎ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያበጠ ጉልበቱን እያሸ «ለመሆኑ እኔ እዚያ ሜዳ ላይ አልነበርኩም እንዴ?» አለኝ። በቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን መልስ አጥቼ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ።

እውነቱን ለመናገር ተከላካይን እንዴት አድርጎ መዘገብ እንደሚቻል አላውቅበትም ነበር። ጎል ይቆጠራል። ያልገባ ጎል በምን ይቆጠራል? በዚህ ሴሚስተር በስፖርት ዘገባ ኮርስ የአንድ ስፖርተኛን የሥራ ዘመን የሚያስረዳ ጽሑፍ አቅርቡ ስንባል ይሄው ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ተከላካይ ፍለጋ ገባሁ። ፍለጋው ያደረሰኝ ግን ካሰብኩት በጣም የራቀ ቦታ ነው። ካናዳ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በረዶ ላይ። እዚያ ያገኘሁት ሰው ታሪክ ደግሞ የመከላከል ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረልኝም፤ የገንዘብ ታሪክም ሆነ። በነገራችን ላይ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ዊሊያም ሆጅሰን ስቱዋርት ይባላል። የተወለደው በኦታዋ ከተማ በ1879 ነው። ሆጅሰን የሚለውን ስም አሳጥረው ይጠሩት የነበረው ሆድ እያሉ ነው። አዎ፣ ሆድ። ለክፍል ጓደኞቼ ርዕሴን ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ሆድ የሚባል ሰው ምን ይከላከላል? እንጀራ?» ያለም አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታሪኩን እያነበብኩ ስሄድ ግን ሳቁ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ተጫውቶ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የሚታይበት ዓይን እኛ «ሆድ አደር» ስንል የምናይበት ዓይን ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ ምንም አይልም፤ በአማርኛ ግን የሰውየውን ጣጣ በሙሉ ተሸክሞት ቁጭ ብሏል።

በረዶ ላይ ሰባት ሰው

መጀመሪያ ጨዋታውን ላስረዳ። እኛ አገር በረዶ የምንለው ወይ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፣ ወይ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውን። ካናዳ ግን ክረምት ሲገባ ሐይቁና ወንዙ ራሱ ይደርቅና ሰው ብቻ ሳይሆን ጋሪ ከነፈረሱ ይሄድበታል። እዚያ ላይ ምን ይጫወታሉ ለሚለኝ የእኛን የገና ጨዋታ አስብ እለዋለሁ። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ፣ የሚመታ ነገር አለ፣ ሁለት ጎራ አለ። ልዩነቱ የእኛ ተጫዋች በሜዳ ላይ ጥንግ እየመታ ሲሮጥ የእነሱ ተጫዋች ሥሩ ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ፐክ የሚባል ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ መምታቱ ነው። ፐክ ማለት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጠንካራ ነገር ነው። ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በዚያ ዘመን ደግሞ የራስ ቁር የሚባል ነገር አልነበረም።

ዛሬ የበረዶ ሆኪ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ነው። በስቱዋርት ጊዜ ሰባት ነበሩ። በረኛ፣ ፖይንት፣ ከቨር ፖይንት፣ ሮቨር የሚባል እንደ ልቡ የሚዞር ተጫዋችና ሦስት አጥቂዎች። ጨዋታው በሁለት አጋማሽ የተከፈለ ሆኖ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ነው። ቅያሪ የለም። ዛሬ አንድ የሆኪ ተጫዋች አንድ ደቂቃ ለማትሞላ ጊዜ ገብቶ ተንፈስ ለማለት ይወጣል፤ ያኔ የገባ ሰው ካልተጎዳ በስተቀር 60 ደቂቃውን ጨርሶ ነው የሚወጣው።

ተከላካዮቹ ሁለት ናቸው ብለናል፣ ፖይንትና ከቨር ፖይንት። አሁን እንደምናየው ጎን ለጎን አይቆሙም። አንዱ ከሌላው ፊት ነው የሚቆመው። ፖይንቱ በረኛው አፍንጫ ሥር፣ ከቨር ፖይንቱ ከእሱ ራቅ ብሎ ወደ መሐል። ስለዚህ የሚመጣውን አጥቂ መጀመሪያ የሚቀበለው ከቨር ፖይንቱ ነው። ሆድ ስቱዋርት የተጫወተው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ እስቲ በደንብ ተከተሉኝ። በዚያ ጊዜ ሕግ ፐክን ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነበር። ከአንተ ፊት ያለ ጓደኛህ ከጨዋታ ውጪ ነው። ወደ ፊት ማቀበል መጀመሪያ የተፈቀደው በ1910ዎቹ ሲሆን፣ ያውም በሜዳው መሐል ብቻ ነበር። በሁሉም የሜዳ ክፍል የተፈቀደው በ1929 ነው። እንግዲህ አንድ ተከላካይ ፐክን ከአጥቂ ቀማ እንበል። ምን ያድርገው? ለጓደኛው ወደ ፊት አይሰጥ። የተለመደው መላ በዱላው ጫፍ አንስቶ ወደ ላይ ማጎን ነበር። ፐኩ አየር ላይ ተገለባብጦ ወዲያኛው የሜዳ ጫፍ ይወድቃል፤ እዚያ ያሉት የተቃራኒ ቡድን ተከላካዮች ያነሱትና በተራቸው መልሰው ያጎኑታል። በሰፈር ኳስ «ጠለዛ» የምንለው ዓይነት ነው። አደጋ ይርቃል፤ ግን ኳሱን ለጠላት በገዛ እጅህ አስረክበሃል።

የስቱዋርት ዝና የተነሳው ከዚህ ነው። እሱ ግዙፍና ረጅም ሆኖ እያለ በበረዶ ላይ በጣም ፈጣን ነበር። ፐክ ሲቀማ አያጎንም። ዱላው ላይ ይዞት ራሱ ይዞ ይወጣል። አንድ ተከላካይ ፐክ ይዞ ከኋላ ሲነሳ የእሱ ቡድን አጥቂዎች በሙሉ ከእሱ ጎንና ኋላ ሆነው አብረው ይነሳሉ፤ ወደ ኋላና ወደ ጎን ማቀበል ይፈቀዳላ! በአንድ ጊዜ አጥቂው ቡድን አንድ ሰው ጨመረ ማለት ነው። ፐክ ከተነጠቀ ደግሞ ያ ሁሉ ርቀት ወደ ኋላ ተመልሶ መከላከል አለበት፣ ያለ ቅያሪ፣ 60 ደቂቃ። ለዚህ ነው በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው እንደሱ ያልተጫወተው፤ ትንፋሽ ይጠይቃል። እኔ እንደገባኝ ዛሬ በእግር ኳስ ተመላላሽ የምንለው ተከላካይ ከሚሠራው ሥራ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ስቱዋርት መሐል ላይ መሆኑ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው እያንዳንዱ ቡድን ይፈልገዋል። የፈለገ ሰው ደግሞ ይከፍላል። ችግሩ መክፈል ነውር መሆኑ ነው።

የ10 ዶላር ኃጢአት

በ1890ዎቹ የካናዳ ሆኪ አማተር ነበር። አማተር ማለት ለፍቅር የሚጫወት ማለት ነው። ሐሳቡ ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ ጨዋ ሰው ለክብር እንጂ ለሳንቲም አይጫወትም የሚል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን አስቡት፣ ለክብር ብቻ መጫወት የሚችለው ማን ነው? ቤቱ የሞላለት ነዋ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፋብሪካ የሚውል ሰው ለልምምድና ለጉዞ ከሥራ ሲቀር ደመወዙ ይቆረጣል። ሕጉ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ የሚነክሰው ግን ድሀውን ነው።

ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1898 በርሊን ከምትባል የኦንታሪዮ ከተማ (ዛሬ ኪቺነር ነው የምትባለው) የመጣ ቡድን የጎረቤት ከተማን ቡድን አሸነፈ። ደስ ብሏቸው ለእያንዳንዱ ተጫዋች የ10 ዶላር ሳንቲም ተሸለመ። የኦንታሪዮ ሆኪ ማኅበር ይህን ሲሰማ ቡድኑን አባረረው። ከተባረሩት አንዱ ጃክ ጊብሰን ይባላል። ጥርስ ሐኪም ሆኖ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ሆውተን ከተማ ክሊኒክ ከፈተ። ይህን ሰው ያዙልኝ፤ ይመለሳል።

ስቱዋርት ሥራውን የጀመረው በተወለደበት ከተማ በኦታዋ ቡድን በ1899 አካባቢ ነው። እዚያ ሁለት ወቅት ተጫወተ፤ ከዚያ ደግሞ በኩቤክ ቡድን ሁለት ወቅት። ታናሽ ወንድሙ ብሩስም ጎበዝ አጥቂ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም በወረቀት ላይ አማተር ናቸው።

በ1902 ሆድ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፒትስበርግ ሄደ። ለምን ፒትስበርግ? የብረት ከተማ ናት፣ ገንዘብ አላት። ከዚያም በላይ ዱኬን ጋርደንስ የሚባል በማሽን በረዶ የሚሠራ አዳራሽ ነበራት። ካናዳ የበረዶ አገር ሆና እያለ በማሽን የተሠራ የሆኪ በረዶ ያገኘችው በ1911 መሆኑ ሲገርመኝ ነው የሰነበትኩት። እስከዚያ ድረስ ካናዳ ውስጥ አዳራሹን ከፍቶ ብርዱን ማስገባት ነው፤ ቀኑ ሞቅ ካለ ተጫዋቹ ጭቃ በመሰለ ውሃ ውስጥ ይዳክራል፣ ወቅቱም ከጥር እስከ መጋቢት አያልፍም። ፒትስበርግ ግን ከኅዳር ጀምሮ ትኬት ትሸጣለች። ትኬት የሚሸጥ ለተጫዋች የሚከፍለው አያጣም። ስቱዋርት ባንከርስ ለተባለው ቡድን ፈረመ። የተመዘገበው ደመወዙ በሳምንት ከ15 እስከ 20 ዶላር ነው። ይህን ባደረገበት ሰዓት የካናዳ አማተር ሊጎች በር በኋላው ተዘጋ ማለት ይቻላል። የፒትስበርግን ገንዘብ የነካ ሰው በኦንታሪዮ ማኅበር ዘንድ የታገደ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሆውተን ገባ። ሆውተን ሐይቅ ዳር ያለች፣ በዙሪያዋ የመዳብ ማዕድን የሚወጣባት ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ማን ጠበቀው? ያ የተባረረው ጥርስ ሐኪም። ጊብሰን ከነጋዴዎቹ ጋር ሆኖ ፖርቴጅ ሌክስ የሚባል ቡድን አቋቁሞ ከካናዳ ምርጥ ምርጡን እየለቀመ በግልጽ ይከፍላል። የስቱዋርት ወንድማማቾች ሁለቱም እዚያ ተጫወቱ። ቡድኑ በ1903–04 ካደረጋቸው 26 ጨዋታዎች 24ቱን አሸነፈ።

ከዚያ በ1904 የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ተከፋይ የሆነ የሆኪ ሊግ ተመሠረተ። ኢንተርናሽናል ፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ ይባላል። አምስት ቡድኖች፣ አራቱ አሜሪካ፣ አንዱ ካናዳ። ስቱዋርት በዚያው በመዳብ አገር ካሉመት ወደተባለችው ከተማ ተዛውሮ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆነ፤ ካሉመት የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደች። በ1905 መገባደጃ ሌሎቹ ቡድኖች አቤቱታ አቅርበውበት ለአጭር ጊዜ ታግዶም ነበር። በ1906 ተመልሶ ፒትስበርግ ሄደ፤ እዚያም ከቡድኑ ጋር ተጋጭቶ ወቅቱን ሳይጨርስ ለቀቀ።

ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቡድን ስንት ጊዜ ቀየረ? ስቆጥር እኔም «አይ፣ ይሄስ እውነትም ሆድ አደር ነው» ማለቴ አልቀረም። ታማኝነት የሚባል ነገር የለውም ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌአለሁ። በኋላ ነው የሰረዝኩት።

የሰረዝኩበት ምክንያት ይሄ ነው። በዚያ ሊግ ውስጥ የተጫዋች ዋስትና የሚባል የለም። ሕክምና በራስህ፣ ጉዳት በራስህ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል። ቡድኖቹ ተጫዋቹን ሲፈልጉ ያመጡታል፣ ሳይፈልጉ ያሰናብቱታል፣ ከፈለጉም ጎበዝ ሆነብን ብለው ይከሱታል። እሱ ሲሄድ ብቻ ነው ታማኝነት የሚነሳው። ስቱዋርት ራሱ በሊጉ ውስጥ ስላለው ዱላና ስለ ዳኝነቱ ብልሹነት ለአንድ የሞንትሪያል ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ አሰምቷል። ተጫዋች ስለ ሥራው ሁኔታ ለጋዜጣ ጻፈ። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ከጎል ይበልጣል።

ሞንትሪያል፣ 1907

በካናዳ ደግሞ በዚህ መሐል አንድ ነገር እየተለወጠ ነበር። ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ተራ በተራ ወደ አሜሪካ ሲኮበልሉ የምሥራቅ ካናዳ ክለቦች ደነገጡ። በ1906 መጨረሻ ሊጋቸው ተከፋዮች ከአማተሮች ጋር አብረው እንዲጫወቱ ፈቀደ፤ ክለቦቹ ማን ተከፋይ፣ ማን አማተር እንደሆነ በይፋ ማሳወቅ ነበረባቸው። እስከዚያ በጓሮ በር ሲሰጥ የነበረው ገንዘብ በፊት ለፊት በር ገባ። ያ የአሜሪካው ሊግ ብዙም ሳይቆይ በ1907 ፈረሰ፤ ተጫዋቾቹ አገራቸው ላይ የሚከፍላቸው ካገኙ ምን ሊያደርጉ እዚያ ይቆያሉ?

ስቱዋርት ከፒትስበርግ እንደወጣ የሞንትሪያሉ ዋንደረርስ ቡድን ወዲያው ወሰደው። ዋንደረርስ በዚያን ሰዓት የስታንሊ ካፕ ባለቤት ነው። ዋንጫው ያኔ እንደዛሬው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ እንደ ቦክስ ቀበቶ ነው፣ ባለቤቱን ተፎካካሪ መጥቶ ይገጥመዋል።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1907 ዋንደረርስ ከኦታዋ ጋር ሞንትሪያል ላይ ተጫወተ። ኦታዋ የስቱዋርት የትውልድ ከተማ፣ የመጀመሪያ ቡድኑ። ያን ዕለት የሆነው ነገር ጨዋታ ለማለት ይከብዳል። የኦታዋው አልፍ ስሚዝ ስቱዋርትን ጆሮ ግንዱ ላይ በዱላ መትቶ በረዶው ላይ ዘረረው። ቻርልስ ስፒታል የተባለው ሌላው የኦታዋ ተጫዋች የዋንደረርስን ሴሲል ብላችፎርድን ጭንቅላቱን መታው። የአልፍ ወንድም ሃሪ ስሚዝ ደግሞ የኧርኒ ጆንሰንን አፍንጫ በዱላ ሰበረ። ሦስት ሰው በአንድ ጨዋታ! እኛ በገና ጨዋታ ጌታም ቢመታ አይቆጣም እንላለን፤ እንዲህ ያለውን ግን የእኛም ጌታ የሚታገስ አይመስለኝም።

ዋንደረርስና ሌላው የሞንትሪያል ቡድን ቪክቶሪያስ መቺዎቹ ለወቅቱ ይታገዱ ብለው ለሊጉ ሐሳብ አቀረቡ። በድምፅ ተሸነፉ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሥራውን ለቀቀ። ሊጉ ያላደረገውን የሞንትሪያል ፖሊስ አደረገ፤ የኦታዋ ቡድን በሌላ ቀን ለጨዋታ ሲመለስ ሦስቱንም ያዛቸው። ፍርድ ቤት አልፍ ስሚዝንና ስፒታልን እያንዳንዳቸው 20 ዶላር ቀጣ። ሃሪ ስሚዝ ነፃ ወጣ። 20 ዶላር ማለት ስቱዋርት ፒትስበርግ ሲጀምር በአንድ ሳምንት ያገኝ የነበረው ገንዘብ ነው። የሰው ጆሮ ግንድ ዋጋ የአንድ ሳምንት ደመወዝ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ጨዋታ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከምዕራብ ኬኖራ የምትባል ትንሽ ከተማ ቡድን ለዋንጫ መጣ። ኬኖራ እስከ ዛሬም ስታንሊ ካፕን ካገኙት ከተሞች ሁሉ ትንሿ ናት። ለእነዚህ ጨዋታዎች ብላ አርት ሮስ የተባለ ጎበዝ ተከላካይ ከሌላ ቡድን ተውሳ ነበር። 4 ለ 2 እና 8 ለ 6 አሸንፋ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። የትንሿን ከተማ ድል የሚተርኩ ሁሉ ይህን ትረካ ይወዱታል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ተውሶ መጫወቱ፣ መክፈሉ፣ ሁሉም ቡድን የሚያደርገው ነበር።

ዋንደረርስ ግን በሊጉ አንድም አልተሸነፈም፤ 10 ተጫውቶ 10 አሸነፈ። በማርች ዋንጫውን ሊያስመልስ ወደ ኬኖራ ዘመተ፤ ጨዋታዎቹ የተደረጉት ዊኒፔግ ላይ ነው። በኬኖራ በኩል ተሰልፎ የጠበቃቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አልፍ ስሚዝ! ከሁለት ወር በፊት ስቱዋርትን በዱላ ያነጠፈው የኦታዋው ሰው፣ አሁን ለኬኖራ ተቀጥሮ። ይህን ሳነብ ላይብረሪ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ «ወይ ጉድ» ብዬ ላይብረሪያኗ ገሥጻኛለች። ዋንደረርስ የመጀመሪያውን 7 ለ 2 አሸነፈ፣ ሁለተኛውን 6 ለ 5 ተሸነፈ፤ በድምር 12 ለ 8። ሆድ ስቱዋርት ስታንሊ ካፕን አገኘ። 28 ዓመቱ ነበር።

ጁን 23

ከዚያ ወቅት በኋላ ስቱዋርት ወደ አባቱ የኮንስትራክሽን ሥራ ገባ። ከሆኪ ሊወጣ ነው ተብሎም ተወርቶ ነበር። በ1907 የበጋ ወራት በኦንታሪዮ ቤልቪል የምትባል ከተማ አንድ የግንባታ ሥራ ይቆጣጠር ነበር። ሚስት አለችው፣ ሁለት ልጆች አሉት። ደመወዝ ነው፤ ዱላ የለበትም።

ጁን 23 ቀን ከጓደኞቹ ጋር ለዋና ወደ ቤይ ኦፍ ኩዊንቴ ወረደ። ብቻውን ከዳር ራቅ ወዳለ የመብራት ማማ ዋኝቶ ሄደ። ማማው ላይ ወጥቶ ወደ ውሃው ዘለለ። ውሃው ጥልቅ አልነበረም፤ ሥሩ ድንጋይ ነው። ጭንቅላቱ ተፈነከተ፣ አንገቱ ተሰበረ። ወዲያው ሞተ። ኦታዋ ውስጥ ቢችውድ በሚባል መካነ መቃብር ተቀበረ። ያን ሁሉ ዓመት በዱላ መካከል ኖሮ የሞተው በዕረፍት ቀኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን የምለው የለኝም።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1908 በሞንትሪያል አሬና አንድ ጨዋታ ተደረገ። ዋንደረርስ በአንድ ወገን፣ ከሌሎቹ የሊጉ ቡድኖች የተመረጡ ተጫዋቾች በሌላው ወገን። ገቢው በሙሉ ለስቱዋርት ሚስትና ልጆች። ዋንደረርስ 10 ለ 7 አሸነፈ። የተሰበሰበው ገንዘብ ከ2,000 ዶላር በላይ ሆነ። የስፖርት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጨዋታ በየትኛውም ስፖርት የመጀመሪያው የኮከቦች ጨዋታ ነው ይሉታል። ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው፣ በሙዚቃና በርችት የሚታጀበው የኮከቦች ጨዋታ ሁሉ መነሻው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የቤት ወጪ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ብሔራዊ ሆኪ ሊግ የሚባለው ኤንኤችኤል የተመሠረተው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1917 ነው፤ እሱም የመጀመሪያውን የኮከቦች ጨዋታ ያደረገው በ1934 ኤስ ቤይሊ ለተባለ ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ለተጎዳ ተጫዋች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልፎም መላው ያው መዋጮ ነበር።

እንግዲህ ወደ ርዕሴ ልመለስ። ሆድ አደር ነበር ወይ? በእኛ ቋንቋ ሆድ አደር የሚባለው ለሆዱ ሲል ሌላውን የሚሸጥ ሰው ነው። ስቱዋርት ማንን ሸጠ? የሸጠው የገዛ እግሩንና ትንፋሹን ነው፤ ያውም በግልጽ፣ ስሙ ተጽፎ። ሌሎቹ በጓሮ ይቀበሉ ነበር። በዘመኑ ከነበሩት ተከላካዮች ሁሉ ተፈላጊው እሱ ነበር ይባላል፤ ታዲያ ያ ሁሉ ተፈላጊነት፣ ያ ሁሉ ዝውውር በመጨረሻ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚሆን ጥሪት አላተረፈም፤ ጓደኞቹ በብርድ ወጥተው መጫወት ነበረባቸው። በዚህ ከማይስማሙት አንዱ ረቂቄን ያነበበልኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እሱ የሚለው «ማንም አላስገደደውም፣ ኦታዋ ሆኖ ሌላ ሥራ እየሠራ መጫወት ይችል ነበር» ነው። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ግን ለእኔ አልተዋጠልኝም። ሰው ከሁሉ አብልጦ በሚችለው ሥራ እንዳያድር የሚከለክል ሕግ ነው ለእኔ መጠየቅ ያለበት።

በ1945 የሆኪ የዝና አዳራሽ ሲጀመር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡት ዘጠኝ ተጫዋቾች ነበሩ። ዘጠኙም በሕይወት የሌሉ። ሆድ ስቱዋርት ከእነሱ አንዱ ነው። የኬኖራው አምበል ቶሚ ፊሊፕስም አለበት። ወንድሙ ብሩስ በ1961 ተጨመረ። ስቱዋርት በኤንኤችኤል አንድም ደቂቃ ሳይጫወት፣ ሊጉ ሳይፈጠር ሞቶ ነው እዚያ የገባው።

ይህን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከማስገባቴ በፊት ለዚያ ለዶርም ጓደኛዬ፣ ለመሐል ተከላካዩ፣ አስነበብኩት። እስከ መጨረሻው ድረስ በጥሞና አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ቆንጆ ነው። ለመሆኑ ስንት ጎል አገባ?» አለኝ።